አደራ ሲሸጥ

«አዲስ ሥራ ልጀምር ነው» የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ሰው ምን ቸገረው?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የሰው ችግር የማይታየው ነጋዴ ዕቃ ያከማች ይሆናል እንጂ ገበያ አያገኝም። ቀጥሎ የሚያነሣው ደግሞ «ይህን ችግር ባቃልልለት ምን ያህል ይከፍለኛል?» የሚለውን ነው። ይህም ነውር የለበትም፤ ሠርቶ መብላት የተከበረ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፍ አንድ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። «ይህን ችግር እስከ ዛሬ ሲያቃልልለት የኖረው ማን ነበር? እኔ የእርሱን ቦታ ስወስድስ ግዴታውንም አብሬ እወስዳለሁን?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዘለለ ጥያቄ አንሥቶ ከአንባቢ ጋር መመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ የምንኖርባት ካምፓላ የተመቸች ከተማ ናት። ከካባላጋላ ተነሥቶ በካንሳንጋ በኩል ወደ ጋባ የሚወርድ ሰው በየጥቂት እርምጃው ቢጫና ቀይ የተቀቡ ትንንሽ የገንዘብ መላኪያ ኪዮስኮችን ያያል፤ በመንገዱም ላይ ብርቱካናማ የራስ ቁር ያደረጉ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ይተላለፉታል። ከመለመዳቸው የተነሣ ሁልጊዜ የነበሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ኤም ቲ ኤን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን በዩጋንዳ የጀመረው በማርች 2009 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሴፍቦዳም የተመሠረተው በ2014 ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የከተማይቱ ሰው ገንዘብ የሚልክበት፣ የሚጓዝበት፣ የሚበደርበት መንገድ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ትርፉ ብዙ ይባላል፤ ስለ ግዴታው ግን ጥቂት ነው የሚባለው።

ፈጣሪው ማን ነበር?

የሞባይል ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት በካምፓላ የሚሠራ ልጅ በገጠር ለምትኖር እናቱ ገንዘብ መላክ ሲፈልግ በአውቶቡስ ሾፌር ወይም በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ሌላ ዘዴ አበጀ። ከ2003 ጀምሮ ኤም ቲ ኤን ከግራሚን ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ «የመንደር ስልክ» የተባለውን ሥራ አስፋፍቶ ስለ ነበር በብዙ መንደሮች ውስጥ በክፍያ ስልክ የሚያስደውል ሰው ተገኘ። ልጁ በካምፓላ የስልክ ካርድ ይገዛል፤ ካርዱን በራሱ ስልክ ከመሙላት ይልቅ ወደ መንደሩ አስደዋይ ደውሎ ቁጥሩን ያነብለታል፤ አስደዋዩም ቁጥሩን በራሱ ስልክ ሞልቶ፣ የድካሙን ቀንሶ፣ ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ ለእናቲቱ ይሰጣል። የኖኪያ ኩባንያ አጥኚዎች በ2006 ይህን ልማድ በዩጋንዳ ተመልክተው መዝግበውታል። ስሙ «ሴንቴ» ነበር፤ በሉጋንዳ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ባለአክሲዮን የለም፤ ማስታወቂያ የለም፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያም የለም። ያለው ሦስት ሰውና በመካከላቸው ያለው መተማመን ነው። አስደዋዩ ገንዘቡን ቢያስቀር የሚከሰስበት ደረሰኝ አልተጻፈም። ነገር ግን እናቲቱ ደጁን ታውቀዋለች፤ እርሱም ነገ በገበያ፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት እንደሚያገኛት ያውቃል። ልጁ በማያየው ስፍራ ገንዘቡን ሲጠብቅለት የነበረው ይህ መተዋወቅ ነው።

በጎረቤት ኬንያም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቮዳፎን ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ድጋፍ አግኝቶ በ2005 ሙከራውን ሲጀምር ሐሳቡ የአነስተኛ ብድር ደንበኞች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ማድረግ ነበር። ደንበኞቹ ግን መሣሪያው እጃቸው ሲገባ ለሌላ ጉዳይ አዋሉት፤ እርስ በርሳቸው ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። ኩባንያዎቹም ይህን አስተውለው የብድሩን ነገር ወደ ጎን ተዉና በማርች 2007 ኤም-ፔሳን ገንዘብ ወደ ቤት መላኪያ አድርገው ለገበያ አቀረቡት። አስተዋይነታቸው የሚመሰገን ነው፤ ሐሳቡን ከመንገዱ ያቃናው ግን ተጠቃሚው ሕዝብ ነበር።

ይህን ማለታችን የኩባንያዎቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። አንድ አስደዋይ ለአንድ መንደር ሲሠራ የነበረውን በአገር ስፋት፣ በሌሊትም በቀንም፣ በአነስተኛ ክፍያ እንዲሠራ ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ አገልግሎት ከባዶ እንደማይወለድ ለማሳየት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች በመካከላቸው በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ሲሸከሙት የኖሩትን ሸክም አንድ ድርጅት መጥቶ ይቀበላቸዋል፤ ለመሸከሙም ዋጋ ይጠይቃል። እንግዲህ ጥያቄው ሸክሙን ሲቀበል ምን ምን አብሮ እንደተቀበለ ማወቅ ነው።

ከውል የሚበልጥ ነገር

ያ አስደዋይ በእጁ ይዞት ለነበረው ነገር ቋንቋችን ስም አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ ከብድር ይለያል፤ ተበዳሪ ገንዘቡን ተጠቅሞበት ይመልሳል፣ አደራ ተቀባይ ግን አይነካውም። ከውልም ይለያል፤ ውል የተጻፈውን ብቻ ያስገድዳል፣ አደራ ግን ያልተጻፈውንም ያስገድዳል። ልጁን ለጎረቤት «አደራ» ብሎ መንገድ የሚሄድ ሰው «ቢታመም አሳክሙልኝ፣ ቢያለቅስ አባብሉልኝ» ብሎ መዘርዘር አያስፈልገውም፤ ቃሉ ሁሉን ይዞታል። «አደራ በላ» የሚለው ነቀፌታ «ሌባ» ከሚለው የሚከብደውም ስለዚህ ነው። ሌባ የሰረቀው ከሚጠብቀው ሰው ነው፤ አደራ በላ የሰረቀው ካመነው ሰው ነው።

አደራ ወደ አገልግሎት ሲለወጥ ያልተጻፈው ይቀራል። በስልካችን ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ስንነካ የምንቀበለው ረጅም ጽሑፍ ኩባንያው የሚጠየቅበትንና የማይጠየቅበትን በዝርዝር ለይቶ ያስቀመጠ ነው። የማይጠየቅበት ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ያ አስደዋይ ግን የማይጠየቅበት ዝርዝር አልነበረውም። ገንዘቡ ቢጠፋ «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ በዚያው መንደር ለመኖር አይችልም ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ነጋዴ የከፈልከውን ይሰጥሃል፤ ከዚያ በላይ ግዴታ የለበትም። እንጀራ ጋጋሪዋ የምትጋግረው ስለምትወድህ አይደለም፤ ብትከፍላት ትበላለህ፣ ባትከፍላት አትበላም፤ ዓለምም በዚህ ይኖራል» የሚል ነው። የዚህ ሐሳብ ታላቅ አባት አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የገበያን ሥርዓት በሰው የግል ጥቅም ላይ አቁሞ አስረድቷል፤ ማስረጃውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሰው በ1759፣ ማለት 17 ዓመት ቀድሞ፣ ስለ ሰው የሞራል ስሜት ሌላ ትልቅ መጽሐፍ እንደ ጻፈ ብዙዎች ይዘነጉታል። በዚያም የሰው ልጅ የሌላውን ሁኔታ በልቡ እያሰበ ራሱን እንደ ሦስተኛ ተመልካች ሆኖ እንደሚዳኝ ያብራራል። ገበያ የሚቆመው ይህ ዳኛ በሰዎች ልብ ውስጥ ሲኖር ነው።

እንጀራና አደራ አንድ ዓይነት ሸቀጥ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። እንጀራው ኮምጣጣ ቢሆን ዕለቱን አይቼ ነገ ከሌላ እገዛለሁ። ገንዘቤን፣ ስሜን፣ የምመላለስበትን መንገድ ያስረከብኩትን ድርጅት ግን መልካምነቱን የማውቀው ዘግይቼ ነው፤ የማውቀውም ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ስለዚህ እምነትን ለመሸጥ የተነሣ ሰው ግዴታው እንጀራ ከሚሸጠው ሊበልጥ ይገባል።

ክፉ ቀን ሲመጣ

በመልካም ቀን ሁሉም አገልግሎት መልካም ነው። ገንዘቡ በደቂቃ ይደርሳል፤ መልእክቱ ይመጣል፤ ሁሉም ይደሰታል። ክፉው ቀን ለአንዲት እናት አንዲት ቁጥር ተሳስታ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለማታውቀው ሰው የላከችበት ቀን ነው። ወደ ኪዮስኩ ትሮጣለች። ወኪሉ ወጣት ይራራላታል፤ ሊረዳት ግን አይችልም፤ ወደ ኩባንያው የስልክ መስመር ይመራታል። ተቀባዩ ገንዘቡን ፈጥኖ አውጥቶት ከሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እዚህ ላይ የዘመናችን አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ይታያል፤ ፊት ያለው ሥልጣን የለውም፣ ሥልጣን ያለው ፊት የለውም። ወኪሉ ያያታል፣ ሊፈርድላት ግን አይችልም፤ ሊፈርድላት የሚችለው ደግሞ አያያትም።

ክፉው ቀን ለአገር ሁሉ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2016 በዩጋንዳ ምርጫ ዕለት የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ማኅበራዊ መገናኛዎችን ብቻ ሳይሆን የሞባይል ገንዘብን ጭምር እንዲያቋርጡ የስልክ ኩባንያዎችን አዘዘ፤ ምክንያቱም የሕዝብ ጸጥታ ነው ተባለ። በዚያን ሰሞን ገንዘቡን በስልኩ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ገንዘብ እያለው የሌለው ሆነ። ያ የመንደር አስደዋይ እንዲህ ባለ ትእዛዝ አይዘጋም ነበር። ሁሉን በአንድ መስመር ያሰባሰበ አገልግሎት ያንን መስመር ሊቆርጥ ለሚችል ማንኛውም እጅ ሁሉን አሳልፎ እንደሚሰጥ የዚያን ጊዜው ሁኔታ አስተምሮናል።

በኦክቶበር 2020 ደግሞ ባንኮችንና የስልክ ኩባንያዎችን በመካከል በሚያገናኝ አንድ ድርጅት ሥርዓት ውስጥ ሌቦች ሰርገው ገቡ። በባንክና በስልክ መካከል የሚደረገው ዝውውር ለጊዜው ቆመ። ኤም ቲ ኤን፣ ኤርቴልና ስታንቢክ ባንክ በጋራ ባወጡት መግለጫ የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ አስታወቁ። ይህ ለትችት ሳይሆን ለምስጋና የሚጠቀስ ነው፤ ጉዳቱን በደንበኛው ላይ አለመጣል አደራን ማወቅ ነውና። ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ የአገልግሎቱ ምንነት የሚታወቀው በክፉ ቀን ማን ጉዳቱን እንደሚሸከም በመመልከት ነው።

በዚህ ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያበጁት እድር ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እድር ከመጀመሪያው ለክፉ ቀን የተሠራ አገልግሎት ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ ሞት ሲደርስ ጥሩምባ ነፊ አለው። መልካም ቀን የሚሰጠው አንዳች ነገር የለም፤ በመልካም ቀን መዋጮ ብቻ ይቀበላል። እንዲያም ሆኖ ሰው አይተወውም፤ ቀኑ ሲደርስ ማን በሩ ላይ እንደሚቆም ያውቃልና። በዚህ በቡጋንዳም «ሙንኖ ሙካቢ»፣ ማለትም የችግር ቀን ወዳጅ፣ የሚባሉ ማኅበራት አሉ፤ በሐዘን ጊዜ ይረዳዳሉ። ሁለት ሕዝቦች ሳይማከሩ ከአንድ አሳብ መድረሳቸው ነገሩ ከሰው ተፈጥሮ የመነጨ መሆኑን ያመለክታል።

እቁብም እንዲሁ የራሱ ጥበብ አለው። ዕጣው በወጣበት ዕለት አንዱ አባል ልጁ ታሞበት ቢገኝ ዕጣ የደረሰው ሰው ፈቅዶ ተራውን ሊለቅለት ይችላል፤ ዳኛውም ይህን ያስማማል። ደንብ አለ፤ ደንቡን ለአንድ ቀን የሚያለዝብ ሰውም አለ። በስልክ የሚበደር ሰው ግን ቀኑ ሲያልፍበት «ምን ነካህ?» ብሎ የሚጠይቀው አያገኝም። ቅጣቱ ይቆጠራል፤ ስሙ በተበላሸ ተበዳሪነት ይመዘገባል። ሒሳቡ አይዋሽም፤ አይጠይቅምም። ምሕረት የሚጀምረው ከመጠየቅ ስለሆነ የማይጠይቅ ነገር ሊምር አይችልም።

የመተዋወቅ ሌላው ፊት

እስከዚህ የተባለው «የጥንቱ መልካም፣ የአሁኑ ክፉ» ወደሚል መደምደሚያ የሚወስድ ከመሰለ አንባቢ ይታገሥ፤ ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። መተዋወቅ የራሱ ጭካኔ አለው። እድር የሚያውቀውን ይቀብራል፤ ለማያውቀው ግን ድንኳኑን አይተክልም። እቁብ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሌለው ሰው ከበሩ ይመለሳል። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በጎረቤቶቹ ማኅበር እኩል ሳይቀመጥ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ደንቡን ለወዳጁ የሚያለዝበው ዳኛ ለማይወደው ሊያጠብቀው ይችላል። ምሕረትና አድልዎ ከአንድ በር ነው የሚወጡት።

በባዕድ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። አዲስ መጥቶ ካምፓላ የገባ ኢትዮጵያዊ ደጁን የሚያውቅለት አስደዋይ የለውም፤ የአባቱን ስም ሰምቶ «የእገሌ ልጅ ነው» የሚለው ሰው የለም። ለእርሱ ፊት የሌለው አገልግሎት በረከት ነው። ኪዮስኩ ዘሩን አይጠይቀውም፤ ቋንቋውን አይንቅም፤ እንግዳ ነህ ብሎ ዋጋ አይጨምርበትም። የሞተር ብስክሌት ነጂው በመንገድ ዳር እንግድነቱን አይቶ እጥፍ ሊጠራበት ይችላል፤ በስልክ የታዘዘው ግን ዋጋው አስቀድሞ የተጻፈ ነው። መተዋወቅ ያገለለውን ሰው አለመተዋወቅ ያስገባዋል። ይህ ትልቅ የሞራል ጥቅም ነው፤ የድሮውን እያሞገሱ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም።

ነገር ግን ፊት የማያየው በርም ወረቀት እንደሚያይ መዘንጋት አይገባም። በ2017 የዩጋንዳ ባለሥልጣናት የስልክ ቁጥር ሁሉ በብሔራዊ መታወቂያ እንዲረጋገጥ ባዘዙ ጊዜ ዓላማቸው ወንጀልን መከላከል ነበር። መታወቂያው ግን የዜጎች ነው። ዩጋንዳ በ2006 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት የሰጠች፣ በዚህም በዓለም የምትመሰገን አገር ናት። እንዲያም ሆኖ ያለ ሲም ካርድ የሞባይል ገንዘብ ስለሌለ ወረቀቱ ያልተሟላለት ስደተኛ በሕግ የተፈቀደለትን ሠርቶ የመኖር መብት በተግባር ለመጠቀም ተቸገረ። ችግሩ ታይቶ በ2019 የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በሚሰጥ የስደተኛ መታወቂያ ወይም የምስክር ወረቀት ሲም ካርድ ማውጣት እንዲቻል ፈቀደ። በዚያ ደንብ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የነበረው መርሳት ነው። ደንቡን ሲነድፉ የነበሩት ሰዎች በዓይነ ልቡናቸው ያዩት ሰው ኪሱ ውስጥ መታወቂያ ነበረው።

ከዚህ በመነሣት የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ማስቀመጥ ይቻላል። መልካም አገልግሎት በመግቢያው ላይ ፊት የማይለይ፣ በክፉ ቀን ግን ፊት ያለው ነው። ሲያስገባ «ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ?» አይልም፤ ሲቸግርህ ግን «ምን ሆንክ?» የሚልህና ለመፍረድ ሥልጣን ያለው ሰው አለው። ብዙዎቹ የዘመኑ አገልግሎቶች የመጀመሪያውን አሟልተው ሁለተኛውን ትተዋል፤ እድርና እቁብ ሁለተኛውን አሟልተው የመጀመሪያውን ትተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማምጣት የሚቻል መሆን አለመሆኑ ነው ቀጥሎ የሚታየው።

ፊት ያለው አገልግሎት

ሴፍቦዳ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቦዳ ቦዳ ከኬንያ ጋር በምንዋሰንበት በቡሲያ በብስክሌት እንደተጀመረ ይነገራል። ኋላ በካምፓላ በየስቴጁ ሲደራጅ የስቴጁ ሰዎች ይተዋወቁ ነበር፤ ከሩቅ ሰፈር የመጣ ተሳፋሪ ግን ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ከሴፍቦዳ መሥራቾች አንዱ ራሱ ቦዳ ነጂ የነበረ ሰው ነው፤ ጉድለቱን ከውስጥ ያውቀዋል። ነጂዎቹ ሥልጠና ወሰዱ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ተማሩ፤ ለተሳፋሪው ሁለተኛ የራስ ቁር ያዙ፤ ስማቸውና ቁጥራቸው ለደንበኛው ታየ። እንግዳው ሰው የማያውቀውን ነጂ በስም እንዲያውቅ ተደረገ፤ ይህ ለመግቢያውም ለክፉው ቀንም ያሰበ አሠራር ነበር። በማርች 2020 ቦዳዎች ተሳፋሪ እንዳይጭኑ ሲከለከሉም ድርጅቱ ነጂዎቹን ከገበያ ዕቃ ወደ ቤት ወደማድረስ ሥራ አዞራቸው፤ ሥራ አጥ ሊሆን የነበረው ሁሉ ባይድን እንኳ አንዳንዱ የዕለት እንጀራውን አገኘ።

ሆኖም በ2021 መጀመሪያ የአገሪቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ባደረገው ምርመራ ይኸው ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ በሚገባ ሳያሳውቃቸው ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ አስተላልፎ እንደነበር አረጋገጠና እንዲያርም አዘዘ። ይህም የሆነው በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ በዋለ ማግስት ነው። ታሪኩ የሚያስተምረው አንድን ሰው ከመውደቅ እየጠበቁ የእርሱን ሌላ አደራ መጣል የሚቻል መሆኑን ነው። ደንበኛው «ቤቴ አድርሰኝ» ብሎ ራሱን ሲያስረክብ ቤቱ የት እንደሆነም አስረክቧል፤ ሁለቱም አደራ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ወደ ሙሉነት የቀረበ ምሳሌ የሚገኘው ከካምፓላ ርቆ በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ ኮረብታዎች መካከል ነው። በዚያ አገር ሰዎች ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ የሚሰባሰቡባቸው የቆዩ ማኅበራት አሏቸው፤ በቃሬዛው ስም «እንጎዚ» ይባላሉ። የኪሲዚ ሆስፒታል በ1996 የጤና መድን ሲጀምር አዲስ የአባላት መዝገብ ከመክፈት ይልቅ በእነዚህ ማኅበራት ላይ ተመሠረተ፤ ሰው የሚመዘገበው በነጠላ ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ሆነ። ሆስፒታሉ የሕክምናውን ወጪ በሥርዓት አከፋፈለ፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ጎረቤቶች ግን በቦታቸው ቀሩ። አዲሱ አገልግሎት የነበረውን አደራ አልገዛውም፤ ደግፎ አቆመው። ፊቱ የማኅበሩ፣ ሥርዓቱ የሆስፒታሉ ሆነ። ይህ ምርጫ ሲሆን፣ ሌላውም ነጋዴ ሊመርጠው የሚችል ነው።

ሕግም በበኩሉ ወደዚህ እየተጠጋ ነው። ዩጋንዳ በ2020 ያወጣችው የክፍያ ሥርዓት ሕግ የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች የደንበኛውን ገንዘብ ከራሳቸው ለይተው በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ሕግ አውጪዎቹ ሌላ ቃል አላገኙም፤ ያንኑ የቆየውን የአደራን ሐሳብ ነው በሕግ አንቀጽ ያሰፈሩት። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በሜይ 2021 ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ይኸው ጥያቄ በእያንዳንዱ ቤት ገብቷል። ሕግ ግን ገንዘቡን ከመበላት ይጠብቃል እንጂ ቁጥር ተሳስታ የላከችውን እናት «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ያ የነዳፊው ሥራ ነው።

እዚህ ካምፓላ ከእኛ መካከል ብዙዎች አዳዲስ አገልግሎት ያቋቁማሉ። አንዱ ገንዘብ ያሻግራል፤ አንዷ እንጀራ በየቤቱ ታደርሳለች፤ ሌላው ለአዲስ መጪ ቤት ይፈልጋል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ያስተረጉማል። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ወገን ለወገኑ በአደራ ሲያደርገው የነበረ ነው። ዋጋ መጠየቃቸው አያስነቅፍም፤ በነጻ የሚሸከም ሰው ይደክማል፣ የደከመም ይተዋል። የሚጠበቅባቸው ግን በሩን ከመክፈታቸው በፊት ክፉውን ቀን አስቀድመው እንዲያስቡ ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? ወረቀት የሌለው ሰው ቢመጣ በየት ይገባል? የተበደለ ሰው ቢመጣ ማን ይሰማዋል፣ የሰማውስ ሰው ለመፍረድ ሥልጣን አለው? ሠራተኛው «አለቃዬን ልጠይቅ» ሲል አለቃው ስልኩን የሚያነሣ ሰው ነውን? እነዚህ ጥያቄዎች ከኪራይና ከካፒታል እኩል በዕቅዱ ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ ወጪም አላቸውና በዋጋው ውስጥ መቆጠር አለባቸው። ይህን ወጪ ያልቆጠረ ርካሽ አገልግሎት ዋጋውን በክፉ ቀን ከደካማው ሰው ላይ ያስከፍላል።

እኛ ደንበኞችም ከነገሩ ነጻ አይደለንም። ሁልጊዜ ፈጣኑንና ርካሹን ብቻ የምንመርጥ ከሆነ የሚጠይቀን ሰው ያለበትን ቤት በገዛ እጃችን እንዘጋዋለን። ጥቂት ጨምረን፣ ጥቂት ታግሠን፣ በችግራችን ቀን በሩን የምናውቀውን ድርጅት ብንመርጥ ነጋዴውም አደራ እንደሚያተርፍ ይማራል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው አባባል የተነገረው ስልክ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ስልኩ ከመጣ በኋላም አልተሻረም። አገልግሎት የሚለው ቃላችን ራሱ አገልጋይ ከሚለው ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ አገልጋይ ደግሞ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ነው። አዲስ አገልግሎት የሚነድፍ ሁሉ ሲጨርስ አንድ ጊዜ ራሱን ይጠይቅ፤ በክፉ ቀን ስጠራ «አቤት» የሚለው ማን ነው?